የደረጃው ምረቃ

ጨፌ ሜዳ በየዓመቱ ደረጃ የምታስመርቅ ከተማ ናት። ደረጃ ሲባል ሌላ የተሰወረ ትርጉም የለውም፤ ከሲሚንቶና ከጠጠር የተሠራ፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ደረጃ ነው። ሪባን ይታሰርበታል፣ የማርሽ ባንድ ይነፋለታል፣ ከንቲባው ንግግር ያደርጉለታል። ከዚያ «ከተማችን አንድ ደረጃ ከፍ አለች» ተብሎ በየቤቱ ግድግዳ በተቀበረው ድምፅ ማጉያ ይታወጃል። ድምፅ ማጉያው ማጥፊያ የለውም።

ነገሩ የተጀመረው ኤፍራታ ልጅ ሳለች ነው። አንድ ክረምት በዋናው መንገድ ላይ፣ ከእህል ወፍጮው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ደጋውን ሜዳ ከሰሜን እስከ ደቡብ ሰንጥቆት አለፈ። በዓመቱ ከስንጥቁ በታች ያለው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ወረደ። የዚያን ጊዜው ከንቲባ መሬቱ ለምን ወረደ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ደረጃ አሠሩበትና መረቁት፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ ደግሞ ወረደ፣ ደረጃ ደግሞ ተጨመረ። ከሜዳው ማዶም እንዲሁ ሌላ ገደል ተነሳ፤ በዚያ በኩል ግን ከተማ ስላልነበረ ደረጃ የሠራለት፣ ያጨበጨበለትም የለም። ኤፍራታ አግብታ ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ ከንቲባዎች ተፈራረቁ፣ መሬቱም ወረደ። የተወለደችበት ሰፈር በሁለት ገደሎች መካከል ያለ ወለል ሆነ፤ ደረጃው ደግሞ ከሥር ቀና ብለው ሲያዩት ጫፉ ጉም ውስጥ ይገባል።

ምድሩ ሲለወጥ ቋንቋውም አብሮ ተለወጠ። «ስንጥቅ» ማለት ቀረና «ስፌት» ተባለ። መሬት «ሰመጠ» አይባልም፤ «ተረጋጋ» ነው የሚባለው። ታች ሰፈር በወረቀት ላይ «የመረጋጋት ቀጠና» ሆነ፤ ላይኛው ከተማ ደግሞ «ከፍታ»። የከፍታ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ «እንኳን ከፍ አላችሁ» ይባባላሉ፤ መልሱ «አብረን» ነው። ከፍ ማለታቸውስ ውሸት አልነበረም። መሃሉ በወረደ ቁጥር የሸለቆው ጠርዝ ጥቂት ጥቂት ይነሳል። ሲነሳ ግን ወደ ኋላው ያዘነብላል። ስለዚህ በከፍታ ቤቶች ከጠረጴዛ እግር ሥር ሽብልቅ ይገባል፣ ወጥ በድስቱ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ አልጋ ሁሉ ራስጌው ወደ ገደሉ ነው። ድሮ በከተማዋ መሃል ያልፍ የነበረው ወንዝ እንኳ ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ይፈሳል። ድምፅ ማጉያው ስለ ወንዙ የተናገረው «አቅጣጫውን አስተካከለ» ብሎ ነበር።

ኤፍራታ ታች፣ በወለሉ ላይ፣ ፍልውሃ ቤት ነበራት። ውሃው የፈለቀው መሬቱ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የከፍታ ሰዎች ነበሩ። ደረጃ ሲወርዱ ያለቀ ጉልበታቸውን ገንዳዋ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «የዘንድሮው ደረጃ እንዴት ያምራል!» ይላሉ። እሷ ፎጣ ታቀብላቸዋለች። ሲወጡ ግን ለባሏ፣ «ያን ያህል ካማራቸው ለምን በገመድ መኪናው ይመለሳሉ?» ትለዋለች።

የገመድ መኪናው ከገደሉ አፍ እስከ ወለሉ በወፍራም ሽቦ ላይ የሚመላለስ የመስታወት ክፍል ነው። የተሠራው ለከፍታ ሰዎችና ለእንግዶች ነው። የቀጠናው ነዋሪ ታሞም ቢሆን በቃሬዛ በደረጃው ነው የሚወጣው፤ ላይ ሲደርስም በሩ ላይ የመውጫ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃድ የሌለው ይመለሳል። ከመረጋጋት ቀጠና የሚሸሽ ሰው፣ ሕጉ እንደሚለው፣ አለመረጋጋትን የሚያስፋፋ ሰው ነው።

ባሏ ኢዮኤል ግንበኛ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ እነዚያን ደረጃዎች ሲገነባ ኖሮ ባለፈው ዓመት ልቡ ደከመ። አሁን ከአልጋው እስከ በረንዳው ለመድረስ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። ምላሱ ግን አልደከመም። ድምፅ ማጉያው «ዛሬም ከፍ ብለናል» ባለ ቁጥር በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ «ከማን?» ይላል። በየጠዋቱ ይላል፤ በየጠዋቱም ኤፍራታ ትስቃለች።

የመስከረም ምረቃ ሲቃረብ ዶክተር ሶልያና ወደ ፍልውሃ ቤቱ መጣች። የምድር ተመራማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ቸኩላ የምትናገር ሴት። ገንዳው ባዶ ነበር፤ ውሃው ከነሐሴ ጀምሮ ሰው የማይችለው ያህል ግሎ ደንበኛ ርቋል።

«እትዬ ኤፍራታ፣ ከዚህ መውጣት አለባችሁ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ሁላችሁም። ቶሎ።»

ኤፍራታ ፎጣ ማጣጠፏን አላቆመችም። «ስንቱ ዶክተር መጥቶ ውሃዬን በጠርሙስ ቀድቶ ሄዷል መሰለሽ? ሁሉም አስፈራርቶ ነው የሄደው። ለመሆኑ ለከተማው አልነገርሽም?»

«ነገርኳቸው። ‹የመረጋጋት ዕድገት› ብለሽ አስተካክለሽ አምጪ አሉኝ።»

«አስተካከልሽላቸው?»

«አላስተካከልኩም። ከቢሮ አስወጡኝ።»

ይህን ስትሰማ ኤፍራታ ፎጣውን አስቀመጠች። የሚያስፈራሩ ዶክተሮች ብዙ አይታለች፤ ከቢሮ የተባረረች ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

ዶክተሯ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገሩን በቀላል አማርኛ ዘረጋችላት። ከደጋው ሥር፣ በጣም ጥልቅ ላይ፣ ትኩስ ነገር ሽቅብ ይገፋል። ሲገፋ ምድሩ ያብጣል፤ ያበጠው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ይሰነጠቃል፤ መሃሉ ይወርዳል፣ ጠርዙ ይነሳል። «እስከ ዛሬ ምድሩ ሲሰበር የነበረው በጠርዝ በጠርዙ ነበር» አለች፤ «ለዚያ ነው ደረጃ መጨመር የበቃችሁ። አሁን ሥራው ወደ መሃል መጥቷል። የቀለጠ ድንጋይ ከሥራችን እንደ ሽብልቅ እየገባ ነው። አንድ ቀን ወለሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ውሃዎን ያገለው እሱ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል። ሐይቅ ይተኛበታል። ሰው ሊቆጥረው በማይችል ዘመን ደግሞ ባሕር ይገባበት ይሆናል።»

«ባሕሩንስ ተይው፤ እሱንም ይመርቁታል» አለች ኤፍራታ። «ቀኑ መቼ ነው?»

«ቀን ቆርጬ ልነግርዎት አልችልም። ውሃው ድንገት ከጠፋ ግን ቀርቧል ማለት ነው።»

ኤፍራታ ግማሹን አመነች፣ ግማሹን ተወች። በሳምንቱ ጠዋት ገንዳውን ልታጥብ ስትገባ ውሃው የለም። ከወለሉ ንጣፍ መሃል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቶ ትኩስ አየር ይተነፍሳል፤ ሽታው የተለኮሰ ክብሪት ይመስላል። ያን ጊዜ የቀረውንም ግማሽ አመነች።

ሰፈሩን ሰብስቦ በደረጃው ማስወጣት እንደማይሆን ታውቃለች። ሽማግሌው፣ እርጉዟ፣ ሕመምተኛው አይችሉም፤ የሚችሉትም ቢሆኑ በሩ ላይ ይመለሳሉ። ለከንቲባው አቤት ማለትም አይሆንም፤ ዶክተሯ ብላው ያገኘችው ታይቷል። ኤፍራታ ይህን እያሰላሰለች ባዶው ገንዳ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ነው ታናሽ ወንድሟ ናሆም በገመድ መኪናው ወርዶ የመጣው።

ናሆም የከተማው የምረቃ ጉዳዮች ኃላፊ ነው። ሱፉ ጭረት የለበትም፤ ጫማው አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኗል። እህቱን በጉንጯ ሳመና ገንዳውን ሳያየው ሥራውን ጀመረ።

«እታለም፣ ላይ ገደሉ አፍ ላይ የተሠራውን የዘንድሮውን ደረጃ መጀመሪያ የምትረግጪው አንቺ ነሽ። ተመርጠሻል። ነጭ ልብስ ይላክልሻል። ስትረግጪው ‹ከፍ ብለናል› ትያለሽ፤ ሌላ ነገር የለውም።»

ኤፍራታ የምትመልሰውን ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ አድርሳው ነበር። ለዓመታት ስታጠራቅመው የኖረችው ጥሩ ስድብ ነበር። ዋጠችው። «እና እንዴት ነው ዝግጅቱ?» አለች።

ናሆም ተከዘ። «ወንበር ነው የቸገረኝ። ክቡር ከንቲባው ዘንድሮ ሰፊ ይሁን ብለው የወንበሩን ብዛት እጥፍ አደረጉት። ወንበሮቹ ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፤ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንዳጨበጨበ ራሳቸው ለበላይ አካል ይልካሉ። ባዶ ወንበር ከታየ አለቀልኝ። የከፍታ ሰው ደግሞ ሰልችቶታል፣ አይመጣም።»

ኤፍራታ ይህን ልጅ አዝላ አሳድጋዋለች። አሁን አንድ ሙሉ ሰፈር በእሱ የወንበር ጭንቀት ሊተርፍ መሆኑን ስታስብ ሳቅም ቁጣም አንድ ላይ መጣባት።

«የኛ ሰፈር ይምጣልሃ» አለች።

«የቀጠናው ነዋሪ? ፈቃድ የለውም እኮ።»

«እንግዳ ከሆነስ? ለምረቃ የተጠራ እንግዳ ፈቃድ ይጠየቃል?»

ናሆም አሰበ። «እንግዳ አይጠየቅም።»

«እንግዳ በምንድን ነው የሚወጣው?»

«በገመድ መኪናው።» ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «እታለም! የመረጋጋት ቀጠና ሕዝብ በሙሉ ለከተማው ከፍታ ሲያጨበጭብ! ክቡር ከንቲባው ደስታውን አይችሉትም። ግን ሁሉም ይመጣል? አንድ ሰው እንኳ እንዲቀር አልፈልግም።»

«እኔም አልፈልግም» አለች ኤፍራታ። «ባይሆን ቀኑን ቶሎ አድርገው።»

ቀኑ ወደ ቅዳሜ ተሳበ። ኤፍራታ በየቤቱ እየዞረች እውነቱን ለሰፈሩ ነገረች፤ የሚያንጠለጥሉትን ያህል ብቻ እንዲይዙ፣ በር ላይ የያዙት ምንድን ነው ቢባሉ ለምረቃው ስጦታ ነው እንዲሉ አስጠነቀቀች። ሰዉ ገባው። የመሬቱን መንቀጥቀጥ ከሁሉ በፊት የሚሰማው እግራቸው ነበር። አስቸጋሪ የሆነባት የገዛ ባሏ ነው።

«አልሄድም» አለ ኢዮኤል።

«ኢዮኤል፣ ወለሉ ሊከፈት ነው።»

«ገብቶኛል፤ ልቤ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ስንሠራው ከሥሩ እየከዳን እያየን፣ ‹ይሄ እኮ አይቆምም› ስንል ‹እናንተ ሥሩ፣ መቆሙን ለኛ ተዉት› ሲሉን ኖረናል። አሁን ደግሞ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ላጨብጭብላቸው? እዚሁ ብሞት ይሻለኛል፤ ቢያንስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።»

ኤፍራታ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በዚህ ንቀቱ ስትስቅ ኖራለች፤ ያገባችውም ለእሱ ብላ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን አስፈራት። የሚያቃልላቸውን ሰዎች ለማሳፈር ብሎ የሚሞት ሰው አጠገቧ ተኝቷል፤ እነሱ ደግሞ አያፍሩም፤ ባዶውን ወንበር እንኳ በሌላ ሰው ይሞሉታል።

«አንተ ብትሞት የሚያውቅ አለ?» አለችው በዝግታ። «ድምፅ ማጉያው ‹አንድ ነዋሪ በሰላም ተረጋጋ› ይላል። በቃ። ንግግሩ እንኳ አይቋረጥም። እኔ ግን ማታ ማታ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

ኢዮኤል ወደ ግድግዳው ዞረ። «አላጨበጭብም» አለ።

«ማን አጨብጭብ አለህ? እጅህን ኪስህ ክተት።»

«ወንበሩ ይከሰኛል።»

«ይክሰስህ።»

ቅዳሜ ጠዋት የገመድ መኪናው ያለ ዕረፍት ተመላለሰ። የታች ሰፈር ሰው ሙሽራ የሚሸኝ ይመስል ለብሶ፣ እንስራውንና ልጁን አቅፎ፣ ዶሮውን በነጠላ ሥር ደብቆ ወጣ። የበሩ ጠባቂዎች እንግዳ ስለሆነ እጅ ነሱት። ኢዮኤል በመጀመሪያው ዙር ወጥቶ ከኋለኛው ረድፍ ተቀመጠ፤ እጆቹ ከኪሱ አልወጡም። ዶክተር ሶልያና የመሣሪያዎቿን ሻንጣ ታቅፋ አጠገቡ ነበረች። ኤፍራታ ነጩን ልብስ ለብሳ ሪባኑ ሥር ቆመች፤ ዓይኗ ግን መድረኩ ላይ አልነበረም። የሰፈሯን ሰው ፊት እየለቀመች ማን እንደጎደለ ታይ ነበር። እማማ ቃልኪዳን የሉም። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከቤታቸው ወጥተው የማያውቁ አሮጊት ናቸው።

ፕሮግራሙ ሊጀመር ነው። ኤፍራታ ወንድሟን ለመጥራት ዞር ስትል ናሆምም የለም።

ከንቲባው ወደ ማይክሮፎኑ ቀረቡ። «የተከበራችሁ የከፍታ ልጆች» ብለው ጀመሩ። ስለ ደረጃው ጥራት፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ከፍታ በሰነፎች ዓይን እንዴት ገደል እንደሚመስል ተናገሩ። «አንዳንዶች መሬት ወረደ ይላሉ» አሉ ፈገግ ብለው። «መሬቱ አልወረደም፤ እኛ ነን የወጣነው!» ከፊት ረድፍ ጭብጨባ ተነሳ። ኋላ የተቀመጠው የታች ሰፈር ሰው ግን ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ሸለቆውን ነበር የሚያየው።

የገመድ መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ ከገደሉ አፍ ብቅ አለ። ናሆም ነው። የሱፉ ብብት ተቀዷል፣ የጫማው ላስቲክ ወልቋል፣ እማማ ቃልኪዳን ጀርባው ላይ ሆነው በመቋሚያቸው ትከሻውን እየመቱ፣ «አውርደኝ! አልሄድም አልኩህ እኮ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ!» ይላሉ። ናሆም እያለከለከ ወስዶ ባዶዋ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ረድፎቹን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ጠረጋቸው፤ ባዶ ወንበር የለም። ፈገግ አለ።

ያን ጊዜ ነው የተሰማው። ፍንዳታ አይደለም፤ ረጅም ሸራ ከዳር እስከ ዳር ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ወንበሮቹ ከነሰዉ ተንቀጠቀጡ። ታች፣ በወለሉ መሃል ለመሃል፣ ከፍልውሃ ቤቱ ጀምሮ መስመር ተከፈተ፤ ነጭ እንፋሎት በመስመሩ ላይ ተራ በተራ እየተነሳ እንደ አጥር ቆመ። ፍልውሃ ቤቱ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። የሰፈሩ ቤቶች፣ የኢዮኤል በረንዳ፣ የጎመኑ ጓሮ፣ እየተንሸራተቱ ገቡ። ቀጥሎ ከሥር ጥቁር ቀይ የሆነ ነገር ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። የደረጃው የታችኛው ግማሽ ከገደሉ ተላቆ ወረደ። አቧራው እስከ መድረኩ ደረሰ።

ሰዉ አልጮኸም። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ፣ ያ ብቻ። ኤፍራታ ኢዮኤልን ፈለገችው፤ ቆሞ ነበር። ብቻውን፣ ማንም ሳይደግፈው ቆሞ፣ ዕድሜ ልኩን የገነባው ሲወርድ እያየ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። እሷም የሳቀችበትን ሁሉ አሁን ልትስቅበት አልቻለችም።

ከንቲባው ወረቀታቸውን ገለጡ። ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ላይ «ጭብጨባ» ተብሎ በቅንፍ ተጽፎ ነበርና ጠበቁ። ማንም አላጨበጨበም። ዞር ብለው ወደ ኤፍራታ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ተራዋ ነው። ካሜራዎቹም ዞሩ።

ኤፍራታ ደረጃውን አልረገጠችም። «ጠርዙ ይናዳል፤ ወደ ኋላ እንሂድ» አለች ወደ ማይክሮፎኑ ቀርባ፤ በከተማው ቤት ሁሉ ተሰማ። «የተቀመጣችሁ ተነሱ። እርስዎም ጭምር።»

ተነሱ። የፊት ረድፎቹም ሳይቀሩ ተነስተው ሄዱ፤ መድረኩ ከምሽት በፊት ከነሪባኑ ገደል ገባ። አንድም ሰው አልሞተም።

ድምፅ ማጉያው ለሦስት ቀን ዝም ካለ በኋላ አዲስ ሸለቆ በከተማ አስተዳደሩ አርቆ አስተዋይነት በተሳካ ሁኔታ መከፈቱን አበሰረ። ሕዝቡን ስላወጣው የገመድ መኪና አንዲት ቃል አልተናገረም።

የታች ሰፈር ሰው ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ ምድሩ ወደ ኋላ በሚያዘነብልበት፣ ወንዙ ፊቱን ባዞረበት በኩል ሰፈረ። ኢዮኤል ወንበር ላይ ተቀምጦ ለጎጆዎቹ መሠረት የሚሆን ድንጋይ ይመርጣል፤ ሌሎች ይሸከማሉ። ዶክተር ሶልያና ከመካከላቸው ድንኳን ተክላ የሸለቆውን መስፋት ትለካለች፤ የት መሥራት እንደሌለባቸው የሚጠይቁት እሷን ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ናሆም መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፤ የያዘው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው። ኤፍራታ ጭቃ ስታቦካ አገኛትና ፊት ለፊቷ ቆመ።

«አባረሩኝ» አለ። «ወንበሮቹ ሁሉም ሞልተው ነበር። ማንም ግን አላጨበጨበም ብለው ላኩ። በምረቃ ታሪክ እንዲህ ያለ ውርደት አልታየም ተባለ።»

ኤፍራታ ያን የዋጠችውን ስድብ ፈለገችው። አላገኘችውም። ፊቷ የቆመው የአንድን ሰፈር ሕዝብ በሕይወት ያወጣ፣ ማውጣቱን ግን እስከ አሁን ያላወቀ፣ ባለመጨብጨቡ ብቻ የሚያዝን ሰው ነው።

«እታለም፣ አንቺ ታውቂ ነበር አይደል?» አላት። «እንደሚከፈት።»

«አውቅ ነበር።»

«እና ለእኔ ለወንድምሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ናሆም ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ሸለቆው ዞሮ የሚነሳውን እንፋሎት ለጥቂት ጊዜ አየ፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም የምረቃ ቃል ሳይፈልግ ያየው ነገር ነው።

«ምረቃውን እሰርዘው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለከንቲባው እነግራቸው ነበር፣ እሳቸውም ያሰርዙኝ ነበር። ሁላችሁም እዚያ ትቀሩ ነበር።»

ኤፍራታ ከጭቃው እጇን አወጣች። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሱ አፍ የሰማችው እውነት ይህ አንድ ብቻ ይሁን ሌላም ይኑር ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ጫማህን አውልቅና ግባ» አለችው። «ጭቃው የሚረግጠው ሰው ይፈልጋል።»